ታሪኩን ያዛባ ሙዚቃዊ ፊልም እንዴት ይታያል

መጀመሪያ ፊልሙን ዝም ብላችሁ እዩት፣ ስልክ ይዛችሁ በየመሃሉ "ይሄ በእውነት ሆኗል?" እያላችሁ ሰርች አታድርጉ ምክንያቱም ዘፈኑ ከተቆራረጠ ሙዚቃዊ ፊልም ምንም አይቀረውም።

ለምሳሌ የ1965ቱ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ ላይ ፎን ትራፕ የሚባለው ዘፋኝ የኦስትሪያ ቤተሰብ ከናዚ የሚያመልጠው ተራራ አቋርጦ ነው። እውነተኞቹ ፎን ትራፖች ግን በ1938 በባቡር ነው ጣሊያን የሄዱት፣ ደሞ ከሚኖሩበት ከሳልዝበርግ በዛ ተራራ ብትሻገሩ የምትወርዱት ጀርመን ነው! በፊልሙ የልጆቹ ሞግዚት የሆነችው ማሪያና የልጆቹ አባት ካፒቴኑም የተጋቡት በ1927 ነው፣ ናዚዎች ኦስትሪያ ሳይገቡ ገና ድሮ። እንዲህ አይነት ነገር ስታገኙ ከመናደድ ይልቅ ለምን ቀየሩት በሉ፤ ፊልሙ ተራራ ላይ በዘፈን ስለጀመረ ባቡር አይመጥነውም፣ ለኔ ይሄ ይዋጥልኛል። አባትየውን ያን ያህል ኮስታራ ማድረጋቸው ግን አይዋጥልኝም፣ እውነተኞቹ ልጆቹም ቅር ብሏቸዋል፣ ከልጆች ጋር ስታዩት ይቺን ንገሯቸው።

ሁለተኛ ስታዩት አንድ ቦታ ላይ አተኩሩ። ካፒቴኑ ማሪያን አባሮ ልጆቹ ሲዘፍኑ ይሰማና ገብቶ ቀስ ብሎ አብሯቸው ይጀምራል፣ ፊታቸውን እዩት በቃ! የዘፈነው ተዋናዩ ክሪስቶፈር ፕለመር ሳይሆን ቢል ሊ የሚባል ዘፋኝ ነው፣ ይሄን እያወቅኩም አንጀቴን ይበላዋል።

ከዛ በኋላ ማሪያ ራሷ በ1949 ያሳተመችውን የቤተሰቡን ታሪክ አንብቡ።