ቪትስ ላይ ባለ 17 ቸርኬ፦ ስንቀይር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቪትስ፣ ያሪስ፣ ስዊፍት፣ ዲዛየር። አዲስ አበባ ውስጥ ዞር ባላችሁበት ሁሉ የምታዩት እነዚህን ትንንሽ መኪኖች ነው። መኪናዋ እጅ ከገባች በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያምረው ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበትን ክብ ብረት) መቀየር ነው። እውነት ለመናገር ያምራል። ነጭ ቪትስ ላይ ጥቁር ባለ 16 ቸርኬ ሲገጠም ሙዷ ሁሉ ይቀየራል። እኔም አትቀይሩ አልልም። ግን ሶማሌ ተራ ሄደን ስለ ቀለሙና ስለ ቅርጹ ግማሽ ቀን ተከራክረን፣ ስለ ክብደቱና ስለ ጎማው ቁጥር ምንም ሳንጠይቅ ገዝተን እንመለሳለን። ብዙም ሳይቆይ «መኪናዋ ከበደችኝ፣ ነዳጅ ትበላለች» የሚለው እሮሮ ይመጣል።

ለማስላት እንዲመቸን ባለ 1000 ሲሲዋን ቪትስ እንያዝ፤ 165/70/14 ጎማ ያላትን።

የጎማውን ጠቅላላ ቁመት ሳያሰሉ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጎማው ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው ወርዱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ የወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛው የቸርኬው መጠን ነው፣ በኢንች። 165 በ0.70 ሲባዛ 115.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይሄ ከላይም ከታችም ስላለ እጥፍ አድርጉት፤ 231 ይሆናል። 14 ኢንች ደግሞ 355.6 ሚሊ ሜትር ነው። ድምሩ 586.6። መኪናዋ ስትሠራ ማርሹም የፍጥነት መለኪያውም የተሰላው በዚህ ቁጥር ነው።

አሁን 205/45/17 ግጠሙላት። በዚያው ስሌት 616.3 ይወጣል። ልዩነቱ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በመቶኛ ግን 5 ነው። መኪናዋ መሬቱን የምትገፋበት ኃይል በየማርሹ 5 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ሞተሩ አልተነካም፣ ግን ሁሉም ማርሽ ከበደ።

«5 በመቶ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ጂቡቲ ወይም ዱባይ ላይ እሺ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 70 የፈረስ ጉልበት ተብላ ከፋብሪካ የወጣችው ቪትስ እዚህ ያላት 55 አካባቢ ነው። አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ድሮም ትንፋሽ አጥሯታል። ባለ 17ቱ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ማኑዋል ከሆነች ዋጋውን የሚከፍለው ፍሪሲዮኑ ነው። ዳገት ላይ ለመነሳት ፍሪሲዮኑን ይበልጥ ታንሸራትታላችሁ፣ ሸራው ቶሎ ይበላል። አውቶማቲክ ላይ ደግሞ ካምቢዮው ማርሽ ቶሎ ቶሎ እየመለሰ ይቸገራል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው) ካምቢዮ ያላት መኪና ጉዳዩን በመጠኑ ትደብቀዋለች። መነሻው ላይ ግን እሷም ታስታውቃለች።

መለኪያውም ይሳሳታል። ዳሽቦርዱ 100 ሲል እናንተ በ105 ነው የምትሄዱት። ብዙ ፋብሪካዎች መለኪያውን ከእውነቱ ትንሽ ከፍ አድርገው ስለሚያወጡት ልዩነቱ ከፊሉ ይዋጥ ይሆናል፤ በዚያ ተማምኖ ራዳር ፊት ማለፍ ግን የራሳችሁ ጉዳይ ነው። የነዳጅ ሒሳቡም ይዛባል። በ30 ሊትር በእውነት 420 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቆጣሪው የሚያሳያችሁ 400 ነው። በሊትር 14 የነበረው በወረቀት 13.3 ሆነ። ስለዚህ «ነዳጅ ጨመረች» ከሚለው እሮሮ ውስጥ የተወሰነው የቆጣሪው ስህተት ነው። የተወሰነው ብቻ። ቀሪው እውነተኛ ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ይቀንስ። 185/55/15 ጠቅላላ ቁመቱ 584.5 ነው፣ ከኦሪጅናሉ ጋር እኩል በሉት። 195/45/16 ደግሞ 581.9። ልዩነቱ ከ3 በመቶ እንዳያልፍ የሚለውን ብዙ የጎማ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል፤ እኔ ለትንሽ ሞተር 2 በመቶም ይበዛል ባይ ነኝ።

«እኔ ቁመቱን የፈለግኩት ከሥር እንዳትነካብኝ ነው» የሚል ሰው አለ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የሰፈራችንን የፍጥነት መቀነሻ እናውቀዋለን። ግን ጎማው በ3 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ መኪናዋ ከመሬት ከፍ የምትለው በግማሹ ነው፣ በ1.5 ሴንቲ ሜትር። ለ1.5 ሴንቲ ሜትር ይሄን ሁሉ ጣጣ? የማርሚታውን ማንጠልጠያ አስጠብቁና ለመኪናዋ አዲስ ሞላ ግዙላት።

«አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው» ብሎ ማመን

አይደለም። አሉሚኒየም ቀላል የሚሆነው ተመሳሳይ መጠን ካለው ብረት ጋር ስታወዳድሩት ነው። ባለ 14 የብረት ቸርኬ ከነጎማው 13 ወይም 14 ኪሎ አካባቢ ነው። ርካሽ ባለ 17 አሉሚኒየም፣ ሰፊ ጎማ ከተጫነበት፣ 18 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በአራት አባዙት።

ደግሞ የጎማ ክብደት እንደ ሻንጣ ክብደት አይደለም። ይሽከረከራል። ሞተሩ ወደፊት ሊገፋው ብቻ ሳይሆን ሊያሽከረክረውም ይገባል። በጎማው ዳር ላይ ያለ 1 ኪሎ፣ ስትነሱና ፍሬን ስትይዙ፣ መኪናው ውስጥ እንደተጫነ 2 ኪሎ ገደማ ይቆጠራል። ትልቅ ቸርኬ ደግሞ ክብደቱን ወደ ዳር ነው የሚያወጣው። በከተማ ትራፊክ ቆም ነሳ፣ ቆም ነሳ ሲባል ነዳጁ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ረጅም መንገድ በእኩል ፍጥነት ስትሄዱ ልዩነቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሚዛን ጠይቁ። ከሌለ ሁለቱን ቸርኬዎች በሁለት እጃችሁ አንሷቸው። ሻጩ ይስቃል፣ ይሳቅ።

ፍሬኑም ያው ነው። ዲስኩም ሸራውም አልተለወጡም፣ የሚያቆሙት ግን ከበደ። ከተማ ውስጥ ላታስተውሉት ትችላላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ግን ማርሽ ቀንሱ፣ ፔዳሉ ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ።

ስስ ጎማ ገዝቶ በድሮው ልማድ መንዳት

ስስ የምለው ጎኑ አጭር የሆነውን ጎማ ነው። 165/70/14 ላይ በቸርኬውና በመንገዱ መካከል 115 ሚሊ ሜትር ላስቲክና አየር አለ። 205/40/17 ላይ 82 ብቻ። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚታጠፈው ያ ጎን ነበር፤ አሁን ዱላው በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ጎሚስታ ቤት ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ባላንስ ማሽኑ ላይ ሲዞር ከውስጥ በኩል ጠርዙ ወዲያና ወዲህ የሚል ቸርኬ አታጡም። ከውጭ ሲታይ ያበራል፣ ከውስጥ ታጥፏል። የጎማው ጎን ላይ እንቁላል የሚያክል እብጠት ካያችሁ ደግሞ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። አይጠገንም፣ ይጣላል።

አየሩንም በግምት አታስሞሉ። ስስ ጎማ ላይ ትንሽ ሲጎድል ቸርኬው መንገዱን ይነካል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በመለኪያ። ሾፌሩ በር ጋ ያለው ወረቀት የሚናገረው ስለ ኦሪጅናሉ መጠን መሆኑንም አትርሱ።

ስፋት ሲጨምር ሁሌም ይይዛል ማለት

ደረቅና ለስላሳ አስፋልት ላይ እውነት ነው። አዲስ አበባ አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ 195 ያደረገች መኪና መሪዋ ቶሎ ይታዘዛል፣ ስትታጠፍም አትንገዳገድም። ይሄን መካድ አልፈልግም። ክረምት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰፊ ጎማ የተኛ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል፣ በተለይ ጥርሱ ካለቀ። ሰኔ ላይ ጎማ የምትገዙ ከሆነ ከስፋቱ በፊት ጥርሱን እዩ።

የመሸከም ቁጥሩን አለማየት

ከመጠኑ ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ማንም አያያትም። ቪትስ ላይ ብዙ ጊዜ 81 ትላለች። አንድ ጎማ 462 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 195/45/16 ስትገዙ 80 የተጻፈበትም አለ፣ 84 የተጻፈበትም አለ። 80 ማለት 450 ኪሎ ነው፤ ትልቅ ጎማ ገዝታችሁ አቅም ቀነሳችሁ። 84ቱን ያዙ፣ 500 ኪሎ ነው።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀ ጎማ ሞልቷል።

«ቀዳዳው ገጠመ» ብሎ መሄድ

ቪትስ አራት ቀዳዳ ናት፣ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ። የፊያትና የላዳ ቸርኬ ደግሞ 98 ነው። በዓይን አይለይም። ዳዶውን ሲያስገድዱት የገባ ይመስላል፤ ግን ተንጋዶ ነው የተቀመጠው፣ ውሎ አድሮ ይላላል ወይም ብሎኑ ይበጠሳል። የመካከለኛውን ቀዳዳም ለኩ። የቪትስ ሞዞ (ቸርኬው መሀሉ ላይ የሚሰካበት) 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ለብዙ መኪና እንዲሆን የተሠራ ቸርኬ ግን 67.1 ወይም 73.1 ይሆናል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ቸርኬው መሀል ላይ አይቀመጥም። በ80 እና በ100 ፍጥነት ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥባቸው ሰዎች ሦስት ጊዜ ባላንስ ያሠራሉ፤ የጎደለው አንድ የፕላስቲክ ቀለበት ነው።

ቸርኬው ውስጥ «ኢ» እና «ቲ» በሚሉ የላቲን ፊደላት አጠገብ የተጻፈ ቁጥርም አለ። ከ45 ወደ 35 ከወረደ ጎማው በእያንዳንዱ ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ቆመው ሲያዩት ያምራል። ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ግን ይጨምራል፣ ጉድጓድ ላይ መሪው ከእጅ ይነጥቃል፣ ከኋላ ሰው ሲጫን ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ይበላል። ስትሞክሩ ባዶዋን አትሞክሩ። ከኋላ ሦስት ሰው አስቀምጡ፣ መሪውንም እስከ ጥግ አዙሩ።

ዳዶው፣ ስኮርቱ፣ አሮጌው ቸርኬ

ቶዮታ ከኦሪጅናል አሉሚኒየም ቸርኬ ጋር የሚሰጠው ዳዶ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ነው። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ የሚፈልገው ግን ሾጣጣውን ነው። ሁለቱን ማቀያየር አደገኛ ነው። ማጥበቂያው ለቶዮታ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአየር መፍቻ እያስጮኸ ለሚያጠብቅ ልጅ በትሕትና «በእጅ አድርግልኝ» በሉት። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ድጋሚ አስጠብቁ።

የአዲሱ ቸርኬ ዳዶ ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። መኪናዋ ውስጥ ያለው የጎማ መፍቻ አይገባበትም። ይሄን ሰው የሚያውቀው ሌሊት መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ ነው። ቤታችሁ ደጃፍ ላይ አንዴ ፈትታችሁ ሞክሩት፤ ስኮርቱንም (ትርፉን ጎማ) በየትኛው ዳዶ እንደምታስሩት ያኔ ይለያል። የስኮርቱ ቁመት ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ከኋላ እሰሩት፣ እስከ ቅርብ ጎሚስታ ብቻም ሂዱበት።

ባለሱቁ «አሮጌውን ልቀበልህና ዋጋ ልቀንስልህ» ይላል። እምቢ በሉ። መኪናዋን ስትሸጡ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኦሪጅናል ቸርኬዋን ነው። አራቱን ከነዳዶዎቻቸው ፀሐይ የማይነካው ቦታ አስቀምጧቸው።