ትልቅ የኮራል አኳሪየም ቤት ውስጥ ስትተክሉ፣ ከዓሣው በፊት የውኃውን መንገድ አስቡ

የኮራል አኳሪየም ማለት ዓሣና ኮራል፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት፣ የሚኖሩበት የጨው ውኃ ገንዳ ነው። ሊጀምር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዓሣ ነው። የትኛው ያምራል? የትኛው ከየትኛው ጋር ይስማማል? እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። መብራት ሲሄድ ውኃው የት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ የተማርኩት በእኩለ ሌሊት ነው። ገንዳዬ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 55 ቁመት አለው፤ ወደ 400 ሊትር ይጠጋል። ከሥሩ ካቢኔው ውስጥ ሳምፕ የምንለው ሁለተኛ ገንዳ አለ። ከላይ የሚተርፈው ውኃ በቧንቧ ወደ ሳምፑ ይወርዳል። እዚያ ተጣርቶና ሞቆ በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። የዚያን ሌሊት መብራት ሄደና ፓምፑ ቆመ። የመመለሻው ቱቦ አፍ ግን ከውኃው ገጽ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ውኃው በዚያው ቱቦ ወደ ኋላ እየተሳበ ወደ ሳምፑ ወረደ። ልጠጣ ብዬ ስነሳ ምንጣፉ በእግሬ ሥር ጨቀየ።

ሒሳቡን የሠራሁት በማግስቱ ነው። 120 በ60 ስፋት ባለው ገንዳ አንድ ሴንቲ ሜትር ውኃ ማለት 7.2 ሊትር ነው። ስድስቱ ሲደመር 43 ሊትር። ሳምፔ ውስጥ የቀረው ክፍት ቦታ ደግሞ 20 ሊትር አይሞላም ነበር። የተረፈው ሁሉ ወለሉ ላይ ነው የፈሰሰው። አሁን የቱቦው አፍ ከውኃው ገጽ በ2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ያለ ነው። ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎም ቱቦው ላይ ቀዳዳ በስቻለሁ። ውኃው እዚያ ሲደርስ አየር ይገባና መሳቡ ይቆማል። ቀዳዳውን አልጌ (ውኃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ሽበት) ይደፍነዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው በስቴኪኒ ጎርጉሩት። ውኃ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭም ይሸጣል፤ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ገብታ ልታስከፍተው ስለምትችል እሱን ብቻ አምኜ አልተኛም።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ። ገንዳው ለምን ትልቅ ይሁን? ትንሽ ውኃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ አንድ ዓሣ ቢሞትበት ቶሎ ይመረዛል። ትልቅ ውኃ ግን ስህተትን ይታገሣል። ስትመርጡ ከቁመቱ ይልቅ ለወርዱ ስሱ። ኮራሉ የሚቀመጥበትን ድንጋይ ከመስታወቱ አርቃችሁ የምትደረድሩት ወርድ ሲኖር ነው። ቁመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ደግሞ ታች የወደቀ ኮራል ለማንሳት እስከ ብብታችሁ ትጠልቃላችሁ። አክሪሊክ ቀላል ነው፤ ግን ቶሎ ይጫራል። እኔ ምርጫዬ መስታወት ነው።

ክብደቱን አትናቁ። የባሕር ውኃ አንድ ሊትሩ ከአንድ ኪሎ በትንሹ ይበልጣል። መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ካቢኔውና ሳምፑ ሲጨመሩ የእኔው ከ600 ኪሎ ያልፋል። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ስለ ሕንፃው የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቁ። ቦታው ቀጥተኛ ፀሐይ የማይመታው ይሁን። ካቢኔውን በውኃ ልክ በአራቱም ጎን ለኩ። ገንዳው ከሞላ በኋላ ማቃናት አይቻልም።

ከዚያ ጨው ሳትጨምሩ በቧንቧ ውኃ ሞክሩት። ሙሉት፣ አንድ ቀን ይደር፣ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ዳብሱ። ቀጥሎ ፓምፑን አስነሡና ሆን ብላችሁ ከሶኬቱ ንቀሉት። ሳምፑ እስከ የት ሞላ? ካልፈሰሰ፣ ፓምፑ ሲሠራ ውኃው የሚቆምበትን መስመር በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ መስመር በላይ መቼም አትሙሉ። ይህን ሙከራ የዘለለ ሰው አፍሶ መልቀሙ አይቀርም። ገመዶቹንም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ተመልሰው እንዲወጡ አድርጓቸው፤ ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ ወለሉ ላይ እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር የግድ ነው።

ለእውነተኛው ሙሌት የቧንቧ ውኃ አይሆንም። መዳብ ሊኖርበት ይችላል፤ መዳብ ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣን ይገድላል። በአርኦ/ዲአይ ማጣሪያ (የሟሟውን ነገር ሁሉ የሚያስወግድ ማጣሪያ) ያለፈና የሟሟ ነገር መለኪያው ዜሮ ያነበበ ውኃ ተጠቀሙ። ለ400 ሊትር 15 ኪሎ ገደማ የአኳሪየም ጨው ይገባል። ጨዋማነቱ በሺህ 35፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። ውኃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ በየቀኑ የጎደለውን የምትተኩት ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው።

ድንጋዩ ከአሸዋው ይቀድማል። በቀጥታ የገንዳው ወለል ላይ ይቀመጥ፤ አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ዓሣ ከሥሩ ሲቆፍር ይናዳል። ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የአሞኒያ ምንጭ ጨምራችሁ ለኩ፤ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ እስኪሆኑ ዓሣ አይግባ። ሲገባም አንድ ሁለት ብቻ። ሰው ቤት ውስጥ የተራባ ክላውንፊሽ ጥሩ ጅማሬ ነው። ሰማያዊ ታንግ የሚባለው ዓሣ ሕፃን ሳለ ልብ ይሰርቃል፤ ግን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ እንደ እኔ ዓይነት ገንዳ አይበቃውም። እባካችሁ ተዉት።

ኮራል ሲመጣ ጠንካራ አጽም ከሌላቸው ከለስላሶቹ ጀምሩ። አልካላይኒቲን (ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅም) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየምን በሊትር 420 ሚሊ ግራም አካባቢ አቆዩ፤ ከቁጥሩ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፦ ዞአንቲድ ከሚባሉት የኮራል ዘመዶች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ አላቸው። ጓንትና መነጽር አድርጉ። የተጣበቁበትን ድንጋይ በጭራሽ እንዳትቀቅሉት፤ እንፋሎቱ ቤተሰብን ሆስፒታል አስገብቷል።

አዲሱን ኮራል መጀመሪያ ብርሃኑ ደከም በሚልበት አሸዋው ላይ አስቀምጡት፤ ከሳምንት በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ላይ አውጡት። የእኔ የመጀመሪያው እንጉዳይ የሚመስል ሌዘር (ቆዳ መሰል) ኮራል ነበር። ስምንት ቀን ተኮራምቶ ከረመ። ላዩ ላይ እንደ ሰም ያለ ስስ ሽፋን ያዘ፤ የሞተ መስሎኝ ላወጣው እጄን ሁሉ አስገብቼ ነበር። ዘጠነኛው ቀን ላይ ሽፋኑ በውኃው ግፊት ተገፎ ሄደ። ማታ ላይ ከሥሩ ያሉት ትንንሽ ጣቶች አንድ በአንድ ተዘረጉ።