«እስከ»፣ «ለ» እና «በኩል» በእንግሊዝኛ ውል ውስጥ፦ መስተዋድዳዊ ሐረጎችን በትክክል ስለ መጠቀም

ከአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ ባለው የመጋዘንና የፋብሪካ ሰፈር ብዙ የኪራይ፣ የሽያጭና የሥራ ውሎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። በዚሁ አካባቢ በአንዲት የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ስሠራ የታዘብኩት ነገር አለ፤ ከባዱን የሕግ ቃል ሁሉም መዝገበ ቃላት ገልጦ ያጣራዋል፣ ጠብ የሚያስነሣው ስሕተት ግን ማንም በማይጠረጥራት በአንዲት መስተዋድድ በኩል ይገባል።

ምክንያቱ ከቋንቋችን ጠባይ ይነሣል። አማርኛ በጥቂት መስተዋድዶች ብዙ ዝምድናዎችን ይሸፍናል፤ የታሰበው ዝምድና የትኛው እንደሆነ የሚለየውም በአብዛኛው ዐረፍተ ነገሩን በሚዘጋው ግስ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለየዝምድናው የተለየ ሐረግ ይጠይቃል። ስለዚህ ለ«በ» ወይም ለ«ለ» አቻ ፍለጋ ከመግባትዎ በፊት ግዴታው የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ በአማርኛ ይወስኑ፤ ከዚያ ለዚያ ሐሳብ የጸናውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ሳይቆርጡ በሙሉ ይውሰዱ።

«እስከ»ን እንመልከት። አንድ ጊዜ ለእርማት በመጣልኝ የመጋዘን ውል ላይ «ተከራዩ ኪራዩን እስከ ሐምሌ 1 ቀን ይከፍላል» የሚለው በ«አንቲል» ተተርጉሞ አገኘሁት። አማርኛው የመክፈያውን የመጨረሻ ቀን ሲወስን፣ እንግሊዝኛው ተከራዩ እስከዚያ ቀን ሲከፍል ቆይቶ ከዚያ በኋላ እንደሚያቆም ይናገር ነበር። ግሱ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ መክፈል፣ ማስረከብ ወይም ማሳወቅ ከሆነ፣ «ባይ» ይጻፉ፤ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ መቆየት ወይም መጽናት ከሆነ፣ «አንቲል» ይጻፉ። ቀኑ ራሱ መቆጠሩ እንዳያከራክር ለመጀመሪያው «ኦን ኦር ቢፎር»፣ ለሁለተኛው «አፕ ቱ ኤንድ ኢንክሉዲንግ» ማለት ይሻላል። ሐምሌ 1 በእንግሊዝኛው ዓምድ ጁላይ 8 ሆኖ መስፈሩንም ያረጋግጡ።

«ተከራዩ ለደረሰው ጉዳት ለአከራዩ ኃላፊ ይሆናል» በሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለቱም «ለ» ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን ይለያያሉ። «ላያብል ፎር» ከጉዳቱ ጋር፣ «ላያብል ቱ» ካሳውን ከሚቀበለው ሰው ጋር ይሄዳል።

«በኩል»ም ወጥመድ አለው። ወኪል ስለ ወካዩ ሲፈርም «ኦን ቢሃፍ ኦፍ» ይባላል። «በሻጭ በኩል የተፈጸመ ጥፋት» የሚለው ግን በ«ኦን ዘ ፓርት ኦፍ» መተርጎም አለበት፤ በመጀመሪያው ከተጻፈ ሌላ ሰው በሻጩ ስም ያጠፋ ያስመስላል። በውክልና ሰነድ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀው «እንደተጠበቀ ሆኖ» ነው፤ አማርኛው ሁለት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ሐረጎችን በአንድ አነጋገር ይወክላልና። አንቀጽ 4 ተከራዩ ማንኛውንም ዕቃ እንዲያከማች ቢፈቅድና አንቀጽ 9 ተቀጣጣይ ነገሮችን ቢከለክል፣ አንቀጽ 4 «ሰብጀክት ቱ» ብሎ ለአንቀጽ 9 ይገዛል፤ ፈቃዱ በክልከላው ይወሰናል። በሌላ በኩል «በአንቀጽ 12 የተመለከተው የመዘግየት ቅጣት እንደተጠበቀ ሆኖ አከራዩ የደረሰበትን ኪሳራ መጠየቅ ይችላል» ሲባል የታሰበው ሁለቱ መብቶች ሳይነካኩ አብረው እንዲቆሙ ነው፤ ለዚህ የሚሆነው «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ ቱ» ነው። እዚህ ላይ «ሰብጀክት ቱ» ቢገባ፣ ተከራዩ የካሳው መብት በቅጣቱ ተወስኗል ብሎ ለመከራከር በር ይከፈትለታል። አንዱ አንቀጽ ሌላውን ይገድባል ወይስ አብሮት ይቆማል ብለው ሳይጠይቁ አይለፉ። «ቢኖርም» ሲባል ደግሞ «ኖትዊዝስታንዲንግ» ነው፤ የሚያሸንፈውም ይኸው ሐረግ የቆመበት አንቀጽ ነው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። መብት ወይም ግዴታ ከአንቀጽ ሲመነጭ «አንደር»፣ በአንቀጹ ሥልጣን ድርጊት ሲፈጸም «ፐርሱዋንት ቱ» ይጻፉ። «በ30 ቀናት ውስጥ» ሲሆን «ዊዚን» ይበሉ፤ «ኢን» ብቻ ከተባለ ሠላሳው ቀን ካለፈ በኋላ ማለት ሊሆን ይችላል።

ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ስለሚያትም ለልምምድ እጅግ ይረዳል፤ በየቀኑ አንድ አንቀጽ መርጦ መስተዋድዶቹን ብቻ ማስተያየት ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው ገዥ ነው። ይህ ድንጋጌ ስለ ሕጎች እንጂ ስለ ግል ውል አይናገርም፤ ስለዚህ ተዋዋዮቹ የትኛው ቅጂ እንደሚጸና በራሱ አንቀጽ ይጻፉ፣ አንቀጹም በሁለቱም ዓምዶች ላይ ይስፈር።