ከልስን በፊት ሲባጎ ወጥሩ

እንደ ጅማ፣ ቦንጋና ሚዛን ባሉ ዝናብና እርጥበት በሚበዛባቸው ከተሞች የብሎኬት ቤት የውጭ ግድግዳ ለማስለሰን ያሰባችሁ፣ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲባጎ ወጥሩ፤ በቱንቢም ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን አረጋግጡ። ከመስመሩ ወጣ ያለ ብሎኬት ወይም በመጋጠሚያው ላይ የደረቀ ትርፍ ሲሚንቶ ካለ ለሳኙ እሱን ለመሸፈን ሲል የቀረውን ግድግዳ በሙሉ ያወፍረዋል፤ ወጪው ሳይታወቅ የሚያብጠውም በዚህ ነው። በ100 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጨመር 1 ሜትር ኩብ ድብልቅ ይሆናል፤ ይህም እንደ ምጥኑ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ6 እስከ 8 ከረጢት ይፈጃል፤ አሸዋውና የእጅ ዋጋው ሳይቆጠር። ስለዚህ ትርፉን አስቀድማችሁ በመሮ አስጠርቡ፤ ጎድጓዳውንም ለብቻው አስሞልታችሁ በማግስቱ ልስኑን አስጀምሩ።

ጥቅሙ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ የተለሰነ ግድግዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል፤ በፀጉር መሰሉ ስንጥቅ የገባው የዝናብ ውሃ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት አካባቢ በቀላሉ አይወጣም፣ ቀለሙንም ይልጠዋል።

ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ከሆነ ግን ገጹ ስስ ስለሆነ በጥልቀት አታስጠርቡት፤ በጣም የወጣውን አስነቅሎ መተካት ይሻላል። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ከሆነም ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሲሚንቶ ልስን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ እንጨቱን ሊያበሰብሰው ይችላል።