ማንም በማያውቃችሁ ከተማ እንዴት ትኖራላችሁ?

አዲስ ከተማ ስትገቡ ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ ናችሁ። ደስታውም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የፈለጋችሁትን ብትለብሱ፣ ቅዳሜን ሙሉ ብቻችሁን ስትዞሩ ብትውሉ፣ ለዓመታት "እሱ እኮ እንዲህ ነው" የተባለላችሁን ጠባይ ብትተዉት የሚገረም የለም። ይሄ ትልቅ ነፃነት ነው፣ አጣጥሙት። ግን ታማችሁ ሦስት ቀን ከቤት ባትወጡም የት ጠፋችሁ የሚል የለም። ስለዚህ ነፃነቱን ይዛችሁ አደጋውን የምትቀንሱበትን መንገድ ልንገራችሁ።

ከቤት እንጀምር፣ ገንዘብ በብዛት የሚበላው እዚያ ነውና። ቤቱን በአካል ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ፤ ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ የምታምኑት ሰው ሄዶ ይይላችሁ። የአጭበርባሪ ወሬ የትም ያው ነው፦ "እኔ ውጭ አገር ነኝ፣ ሌላ ተከራይ እየጠበቀኝ ነው፣ ዛሬ ከላካችሁ ቁልፉ ይደርሳችኋል።" ዋጋው ከአካባቢው በጣም የወረደ ከሆነ ፎቶውን በጎግል የምስል ፍለጋ ፈልጉት። ብዙ ጊዜ ያው ሳሎን ሌላ ከተማ፣ በሌላ አድራሻ ተለጥፎ ይገኛል።

ቤቱን ስታዩ አትፈሩ፣ ነካ ነካ አድርጉ። ሁለት ቧንቧ ባንዴ ክፈቱና ውሃው ይቀንስ እንደሆነ እዩ። መኝታ ቤት ገብታችሁ ስልክ ደውሉ፣ ኔትወርክ ይይዝ እንደሆነ እዩ። ከቁም ሳጥን ጀርባ አሽትቱ፣ እርጥበት መጀመሪያ የሚታወቀው በጠረኑ ነው። አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ማታ ተመለሱ፣ ቀን ጸጥ ያለው መንገድ ማታ ሌላ ነው። ደረጃ ላይ ጎረቤት ካገኛችሁ ሰላም በሉና "ውሃ ይጠፋል እንዴ? የበፊቱ ተከራይ ለምን ወጣ?" በሉት። ከአከራዩም ከደላላውም ይልቅ እውነቱን የምታገኙት ከእሱ ነው፣ ምንም የሚሸጥላችሁ ነገር የለማ።

የመጀመሪያው ውል አጭር ይሁን። ከተማውን ሳታውቁ ለዓመት አትታሰሩ፣ ከወራት በኋላ የምትወዱት ሰፈር ሌላ ሊሆን ይችላልና። በገባችሁበት ቀን የቆጣሪውን ንባብ፣ የተሰነጠቀውን፣ የተላጠውን ሁሉ ፎቶ አንሱና ያኔውኑ ለአከራዩ ላኩት፤ ስትወጡ "ይሄን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ" እንዳትባሉ። አከራዩን አስፈቅዳችሁ የበሩንም የቁልፍ ሲሊንደር ቀይሩ። የድሮው ቁልፍ ቅጂ ስንት ሰው ጋ እንዳለ አታውቁም።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። ኬቪን ሊንች የሚባል የከተማ ፕላን ባለሙያ በ1960 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እንዳሳየው ሰው ከተማን በአእምሮው የሚይዘው በአምስት ነገር ነው፦ በመንገዶች፣ እንደ ወንዝና የባቡር ሐዲድ ባሉ ድንበሮች፣ በሰፈሮች፣ እንደ አደባባይና ጣቢያ ባሉ መገናኛዎች፣ ከሩቅ በሚታዩ ምልክቶች። በየሳምንቱ ማብቂያ ወረቀት አውጡና እነዚህን ከቃላችሁ ሳሉ። ባዶ የቀረው ቦታ የሚቀጥለው ሳምንት የእግር ጉዟችሁ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ መዝናኛ አላውቅም።

ካርታውን ከቤት ሳትወጡ እዩትና ስልኩን ኪስ ክተቱት። በየመታጠፊያው ስልክ የምታዩ ከሆነ መንገዱ አይገባችሁም። በ2000 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኤሌነር ማጓየርና ባልደረቦቿ የለንደን ታክሲ ሹፌሮችን አእምሮ በምርመራ መሣሪያ ሲያዩ ከቦታ ትውስታ ጋር የተያያዘው፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአእምሮ ክፍል ከኋላ በኩል ከሌላው ሰው ሰፍቶ አግኝተውታል፤ ሥራው ላይ በቆዩት ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። በዚያ ላይ በሞተር የሚመጣ ነጣቂ የሚመርጠው አስፋልት ዳር ቆሞ ስክሪን ላይ ያፈጠጠውን ነው። ማየት ካለባችሁ ሱቅ ግቡ፣ ወይም ግድግዳ ተደገፉ። የከተማውን ካርታ አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የአንድ ሰው ስልክ ቁጥርና የድንገተኛ አደጋ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ታክሲ ስትይዙ ታርጋውን ለአንድ ሰው ላኩ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሂዱ። በቀን፣ ያለ ምንም ጉዳይ። ከዚያ የቻላችሁትን ያህል በእግር ተመለሱ።

የሰው ነገር ግን ከቤትም ከመንገድም ይከብዳል። ብቸኝነት እንደ ሌባ ድንገት አይመጣም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ማታ ማታ ከድሮ ጓደኛ ጋር ስልክ ላይ ማምሸት፣ ከሥራ ቀጥታ ቤት መግባት፣ ከዚያ እሑድ ሲመሽ ያለ ምክንያት ሆድ መባስ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እንዳጠናው ከትውውቅ አልፎ ቀለል ያለ ወዳጅነት ላይ ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል አብሮ መሆን ይፈልጋል፤ የልብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ የሚሆን ዝግጅት ላይ ደክማችሁ "ሰው አላገኘሁም" አትበሉ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን የሚደገም ነገር ያዙ፦ የእግር ኳስ ቡድን፣ የቋንቋ ክፍል፣ መዘምራን፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሰለቻል፣ ያኔ አትቅሩ። ጥበቃውንና ባለ ሱቁንም በስማቸው ጥሩ፤ ስትጠፉ ቀድመው የሚጠይቁት እነሱ ናቸው።

ገና በሁለተኛው ቀን "ወንድሜ፣ እህቴ" እያለ ብድር ወይም አዋጭ ቢዝነስ ከሚያመጣ ሰው ግን ራቁ። እንግዳ መሆናችሁን አይቶ ነው። ፓስፖርትና መታወቂያ "ላስቀምጥላችሁ" ለሚል ሁሉ አትስጡ።

የሚታመን ሰው ስታገኙ ትርፍ ቁልፍ ስጡት፣ የቤተሰባችሁን ስልክም ይያዝ። ወደ ድሮ ከተማችሁ ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ አትመላለሱ። አዲሶቹ ሰዎች "ቅዳሜ እንገናኝ" የሚሏችሁ ያኔ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ "የለሁም" ካላችኋቸው መጥራት ያቆማሉ።