ርዕሱ የጠፋባችሁን የድሮ የቲቪ ሾው እንዴት መልሳችሁ እንደምታገኙ (እኛ ሁለቱን አናጢዎች ያገኘንበት መንገድ)

አብሮኝ ሳይት የሚሰራ ጡረታ ሊወጣ ትንሽ የቀረው አናጢ አለ፣ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ስንል ሁሌ የሚያነሳው አንድ የልጅነቱ ሾው ነበር። ሁለት አናጢዎች ናቸው፣ አንዱ ባለትዳር ነው አንዱ ላጤ፣ መላጣ አለቃ አላቸው፣ ይህን ስራ የወደድኩት እነሱን እያየሁ ነው ይለኛል፣ ርዕሱን ግን ከየትም ሊያመጣው አልቻለም። የጠየቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደዚ አይነት ሾው ሰምተን አናውቅም ስለሚሉት እሱ ራሱ በህልሜ ይሆን እንዴ ማለት ጀምሮ ነበር፣ ይሄ ነገር በጣም አሳዘነኝና አብረን ፈለግነው፣ አገኘነውም። እናንተም እንዲህ አይነት ነገር ካለባችሁ እንዴት እንደሄድንበት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስልካችሁን አስቀምጡና ወረቀት ያዙ። ይሄን የምለው ፍለጋ ከጀመራችሁ በኋላ የምታዩት ፎቶ ሁሉ ከትዝታችሁ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዛ የቱ የናንተ የቱ አሁን ያያችሁት እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚ የማይረባ የሚመስለውን ሁሉ ጻፉት፣ ማን አጠገባችሁ ተቀምጦ ነበር፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ሰው ሲስቅ ይሰማ ነበር፣ ከሱ በፊት ምን ነበር የሚታየው። በተለይ ይቺን የመጨረሻዋን እንዳትዘሏት፣ እኛን ያዳነችን እሷ ናት።

ከዛ ዘመኑን አጥብቡ። ጥቁርና ነጭ ነው የማስታውሰው ካላችሁ ጥሩ ፍንጭ ነው ግን ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ቤት የነበረው ቲቪ ጥቁርና ነጭ ከሆነ በቀለም የተሰራውንም ሾው ያያችሁት ያለ ቀለም ነው። የአሜሪካ ሦስቱ ትልልቅ ጣቢያዎች የማታ ፕሮግራማቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀለም ያዞሩት በፈረንጆች 1966 መኸር ላይ ነው፣ ስለዚ ሾው ራሱ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ከዛ በፊት ያለውን ፈልጉ።

አይነቱንም ለዩ፣ የኮንስትራክሽን ሾው ሲባል ብዙ ሰው አንዱን ካንዱ ያምታታል። እውነተኛ አሮጌ ቤት ከመሰረቱ ሲታደስ የምታስታውሱ ከሆነ ምናልባት የናንተው ዚስ ኦልድ ሃውስ ነው፣ በ1979 ቦስተን ነው የተጀመረው፣ መጀመሪያ ላይ የሚያቀርበው ቦብ ቪላ ነበር። እንግሊዛውያን ግንበኞች ጀርመን ሄደው ሳይት ላይ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ሰባት ሆነው ሲኖሩ ከሆነ ደሞ ኦፍ ቪደርዜን ፔት ነው፣ ከ1983 ጀምሮ የታየው፣ እሱም ግሩም ነው። የኔ ሰውዬ ግን ተመልካች ሲስቅ ይሰማል፣ ታሪኩም በየሳምንቱ ያልቃል ስላለ ሲትኮም፣ ማለትም አስቂኝ ተከታታይ ድራማ፣ መሆኑ ገባን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ርዕሱን አታሳድዱ፣ ጎረቤቶቹን አሳድዱ። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ፣ ፍሊንትስቶንስ የሚባለው ካርቱን እንዳለቀ እናቴ ወደ አልጋ ልትሰደኝ ስትል ይሄኛው ይጀምርና አባቴ ተይው ይይ ይላት ነበር። ታዋቂ ነገር በቀላሉ ይገኛል፣ ስለዚ የፍሊንትስቶንስን ቀንና ሰዓት ፈለግን፣ በ1962 መኸር ላይ ኤቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ አርብ ማታ 2፡30፣ እነሱ 8፡30 የሚሉት፣ ነበር። የዛን ዓመት የፕሮግራም ሰሌዳ (የድሮ ሰሌዳዎች ኢንተርኔት ላይ በየዓመቱ ተደርድረው ይገኛሉ) አውጥተን ቀጥሎ ያለውን ስናይ 3 ሰዓት ላይ አይም ዲከንስ ሂዝ ፌንስተር ይላል። ሰውዬው ስሙን ሳነብለት ሄልሜቱን አውልቆ ዝም አለ።

እዛ ከደረሳችሁ በተዋናዮቹ አረጋግጡ። ባለትዳሩን ሃሪ ዲከንስን የሚሰራው ጆን አስቲን ነው፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ አዳምስ ፋሚሊ በሚባለው ሾው ላይ አባትየውን ጎሜዝን የሆነው ማለት ነው፣ ላጤው አርች ፌንስተር ደሞ ማርቲ ኢንግልስ ነው። መላጣውን አለቃ የሚሰራው ፍራንክ ዴቮል ነው፣ በዋና ስራው የሙዚቃ ሰው ነው፣ ያ የማይፈታ ፊቱ ለአለቃነት የተፈጠረ ነው። ሃሳቡን ያመጣው ሌናርድ ስተርን ነው።

ለምን ተረሳ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ 32 ክፍል ብቻ ተሰርቶ በ1963 ቆመ። ጣቢያዎች አንድን ሾው ደጋግመው ለማሳየት ብዙ ክፍል ያለውን ነው የሚመርጡት፣ ያኔ ወደ መቶ አካባቢ ቢኖረው ይወዱ ነበር፣ በዛ ላይ ቀለም ሲመጣ ጥቁርና ነጩን ማን ይግዛው። ጥሩ ስላልነበረ አይደለም እኮ! ሁለት ሰዎች ሳንቃ ተሸክመው በር ለማለፍ ሲሞክሩ ማየት ብቻውን ለኔ በቂ ነው፣ የሳይት ሰው ያውቀዋል።

ኮፒ ፍለጋ ላይ ብዙም አትደክሙ፣ መጀመሪያ በሕጋዊ መንገድ የወጣ ዲቪዲ እንዳለ እዩ፣ የዚህ ሾው 16 ክፍሎች በ2012 ለ50ኛ ዓመቱ ወጥተዋል። ካልሆነ ደሞ እንደ ፔሊ ሴንተር እና እንደ ዩሲኤልኤ ያሉ የፊልምና ቲቪ ማኅደሮችን ካታሎግ ፈልጉ። የቢቢሲ ነገር ከሆነ የምትፈልጉት ሊጠፋ እንደሚችል አስቡ፣ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ቴፕ እያጠፉ ደግመው ይጠቀሙበት ነበር።

ሲገኝ ሁሉንም ባንዴ እንዳታዩት። እኛ አርብ አርብ አንድ ክፍል ነው ያየነው። ከሰውዬው ጋር ስታዩ እናንተ አታውሩ፣ ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ምስሉ ሲመጣ ስለ ሾው ሳይሆን ስለ ቤቱ ማውራት ይጀምራል፣ ሶፋው የት እንደነበር፣ አባቱ ከስራ ሲመጣ ልብሱ ላይ የነበረው የእንጨት ብናኝ እንዴት እንደሚሸት። የኔ ሰውዬ ሦስተኛው አርብ ላይ አቁመው አለኝና ምስሉ ላይ ያለውን መጋዝ አሳየኝ፣ እንደዚ ነው አባቴ የሚይዘው አለ፣ ያን የድምፅ ቅጂ አሁን ልጆቹም አላቸው።