የጉበት ካንሰርን በምግብ ለመከላከል ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥር የሰደደው ስህተት በላቦራቶሪ የታየን ውጤት ማዕድ ላይም እንዲሁ ይሠራል ብሎ ማሰብ ነው። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የጉበት ካንሰር ሴሎችን እድገት እንደሚገታ በላቦራቶሪና በአይጦች ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። ነገር ግን በሴሎቹ ላይ የሚፈሰው መጠን፣ አልጫ ወጥ የበላ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል፤ ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚዘልቀው በጥቂቱ ነው፣ የዘለቀውንም ሰውነት ቶሎ ለውጦ ያስወግደዋል። የጉበት ካንሰርን በሰው ላይ እንደሚፈውስ የተረጋገጠ የምግብ ንጥረ ነገር እስካሁን የለም።

ይህን ጉድለት በእንክብል ለመሙላት መሞከር ሁለተኛው ስህተት ነው። በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፓይፐሪን ኩርኩሚን ወደ ደም እንዲገባ ስለሚያግዝ ሁለቱ ተቀላቅለው ይሸጣሉ፤ ሆኖም በጣሊያንና በአሜሪካ የእርድ እንክብል ወስደው ጉበታቸው የተቆጣ ሰዎች ተመዝግበዋል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም በ2018 እ.ኤ.አ. ኢጂሲጂ የተባለውን የአረንጓዴ ሻይ ንጥረ ነገር በተጨማሪ ምግብ መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ ከጉበት ጉዳት ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል። ስጋቱ የተነሣው በስኒ ስለሚጠጣው ሻይ አይደለም።

«ከዕፅ የመጣ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው እምነትም አገራችን ውስጥ ውድ ዋጋ አስከፍሏል። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትግራይ ሽሬ አካባቢ ብዙ ሰዎችን ያጠቃው የጉበት በሽታ፣ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ የተፈጨ አረም በያዘው፣ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ በተባለ ጉበትን የሚጎዳ የዕፅ መርዝ ሳቢያ የመጣ መሆኑን ጥናቶች ጠቁመዋል። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል እየተጨመቀ መጠጣቱ በተለይ ያሳስበኛል፤ ቢጫነቱ የሄፓታይተስ ወይም የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉ የከበደው ስህተት ግን ምን ልጨምር ብሎ እየጠየቁ ምን ላስወግድ የሚለውን መርሳት ነው። ለዚህ ከቻይናዋ ቺዶንግ የተሻለ ምስክር አላውቅም። የአካባቢው ሰው ዋና ምግብ በቆሎ ነበር፤ በቆሎው ሲሻግት የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ተደምሮ የጉበት ካንሰርን አበዛው። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 180 ሰዎች ለአራት ወራት ከየምግባቸው ጋር ክሎሮፊሊን (ከቅጠል አረንጓዴ ቀለም የሚሠራ ንጥረ ነገር) ወይም ባዶ እንክብል ወሰዱ፤ ክሎሮፊሊኑን የወሰዱት ሰዎች ሽንት ውስጥ የሚለካው የአፍላቶክሲን ጉዳት ምልክት በ55 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ የሚያበረታታ ቢሆንም የተለካው ምልክቱ እንጂ ካንሰሩ አልነበረም። በሽታው ራሱ በአካባቢው የቀነሰው በአመዛኙ ሕዝቡ ከበቆሎ ወደ ሩዝ በመዞሩ እንደሆነ ተመራማሪዎች ኋላ ላይ አሳይተዋል።

በእኛም ቤት አፍላቶክሲን በለውዝ፣ በበርበሬና በሽሮ ውስጥ ተገኝቷል። መቁላትም ሆነ መቀቀል ጨርሶ አያጠፋውም። ስለዚህ የሻገተና የተጨማደደ ፍሬን መልቀም፣ በርበሬን በደንብ አድርቆ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የተለቀመውን ለላም መስጠትም መርዙን በወተት መልሶ ወደ ቤት ማስገባት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን የሚተካ ቅጠል የለም፤ አረቄ እየጠጡ ጎመን ማብዛትም ጉበትን አያድንም። በተረፈ ጎመኑ መልካም ምግብ ነው፣ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ግን በውሃ የሚሟሟ ጠቃሚ ንጥረ ነገሩን አብሮ መድፋት ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሚወስዱትን ነገር ከሐኪም መደበቅ ነው። ለተስፋፋ የጉበት ካንሰር የሚታዘዘውን ሶራፌኒብን ሰውነት የሚሰባብረው በአብዛኛው ሲዋይፒ3ኤ4 በሚባል ኢንዛይም ሲሆን፣ ፓይፐሪን ደግሞ ይህንኑ ኢንዛይም ሊገታ ይችላል። የታሸገውን ከነማሸጊያው፣ የተቀመመውን ከነዕቃው ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል። የጉበት ጠባሳ ያለበት ሰውም በየስድስት ወሩ የሚደረገውን የአልትራሳውንድ ምርመራ «እርድ እየወሰድኩ ነው» ብሎ መተው የለበትም፤ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል።